ቮልትን ላፕቶፕ ላይ ለመጫን፦ ሚኒኩብ፣ ካይንድ ወይስ ኬ3ዲ?

ሚኒኩብ፣ ካይንድና ኬ3ዲ የኩበርኔቲስ (ኮንቴይነሮችን የሚያስተዳድር ሥርዓት) ክላስተር ላፕቶፕ ላይ የሚያቆሙ መሣሪያዎች ናቸው። ሦስቱም ነፃ ናቸው። የሚያስከፍሏችሁ ራምና ጊዜ ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ የኩበርኔቲስ ክላስተር አቁማችሁ ቮልትን (የይለፍ ቃልና መሰል ሚስጥሮችን የሚጠብቅ ሶፍትዌር) በሄልም (ኩበርኔቲስ ላይ ሶፍትዌር መጫኛ) ልትጭኑ ከሆነ፣ መጀመሪያ ቮልቱን በምን መልኩ እንደምትፈልጉት ወስኑ። የመሣሪያው ምርጫ ከዚያ ይመጣል።

«ዴቭ» የሚባለው ሁነታ አንድ ፖድ (ኩበርኔቲስ የሚያስነሳው ትንሹ የሥራ ክፍል) ብቻ ነው። ሚስጥሮቹን ሜሞሪ ላይ ስለሚይዝ ፖዱ ሲጠፋ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ለዚህ ሲባል ምርጫ ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ ማሽናችሁ ላይ ያለውን ተጠቀሙ።

ጣጣው የሚመጣው በራፍት (ፖዶቹ አንድ ዓይነት መረጃ እንዲይዙ በሚያደርገው ዘዴ) የሚሠራውን ባለ ሦስት ፖድ ቮልት ስትፈልጉ ነው። የሄልም ቻርቱ (የአጫጫን ፋይሎቹ) እንዳለ ከተወሰደ ሁለት የቮልት ሰርቨር ፖዶች አንድ ኖድ (የክላስተሩ አንድ ማሽን) ላይ እንዲቀመጡ አይፈቅድም። ስለዚህ ባለ አንድ ኖድ ክላስተር ላይ አንዱ ፖድ ይነሳል፣ ሁለቱ «ፔንዲንግ» እንዳሉ ይቀራሉ። ያኔ ራም አንሶ ነው ብላችሁ እንዳትደክሙ። ወይ ይህን የሚከለክለውን የአፊኒቲ ደንብ ባዶ አድርጉት፣ ወይ ሦስት ኖድ አዘጋጁ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ አንድ ኖድ አጥፍቶ ቮልት ምን እንደሚሆን ማየት የሚቻለው በዚያ ነው።

ሚኒኩብ ለጀማሪ ይመቻል። በአንድ ትዕዛዝ ይነሳል፣ ዳሽቦርድና ኢንግረስ (ከውጭ የሚመጣን ጥያቄ ወደ ውስጥ የሚያደርሰው) እንደ ተጨማሪ ይበራሉ። ባለ ብዙ ኖድ ሲሆን ግን ያዝ ያደርገዋል፦ አብሮት የሚመጣው የስቶሬጅ አቅራቢ ለአንድ ኖድ የተሠራ ነው። ቮልት ደግሞ ለእያንዳንዱ ፖድ የራሱን ቮሊዩም (የማከማቻ ቦታ) ይጠይቃል። ስለዚህ ሲኤስአይ ሆስትፓዝ የተባለውን የስቶሬጅ ተጨማሪ ማብራት ግድ ይላል።

ካይንድ ኖዶቹን በዶከር ኮንቴይነር ነው የሚያስነሳው። ስንት ኖድ እንደምትፈልጉ አጭር ያምል (የቅንብር) ፋይል ላይ ትጽፋላችሁ። ሠራተኛ ኖድ ካለ ዋናው ኖድ ተራ ፖድ አይቀበልምና ለሦስት ቮልት አንድ ዋና እና ሦስት ሠራተኛ ጻፉ። አንድ የሚያናድድ ነገር አለው፦ ወደ ላፕቶፑ የሚወጡ ፖርቶች የሚወሰኑት ክላስተሩ ሲፈጠር ነው። ከረሳችሁ አፍርሶ እንደገና ነው። ለቮልት ፖርት 8200 ብቻ ከሆነ ግን ፖርት ፎርዋርድ (በትዕዛዝ ጊዜያዊ መንገድ መክፈት) ይበቃል።

ኬ3ዲ የሚያስነሳው ቀለል ያለውን ኬ3ኤስን ነው። ራሙ ጠባብ ለሆነ ማሽን የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው። ዋናው ኖድም ፖድ ስለሚቀበል አንድ ሰርቨር (ዋና ኖድ) እና ሁለት ኤጀንት (ሠራተኛ ኖድ) ይበቃሉ። ፖርትም በኋላ መጨመር ይቻላል። ትራፊክ (Traefik) የተባለው ኢንግረስ አብሮ ይመጣል፤ ሌላ ኢንግረስ የምትጠቀሙ ከሆነ ሲፈጠር አስቀሩት። የሥራ ቦታው ክላስተር መደበኛ ኩበርኔቲስ ከሆነ ግን ካይንድ ይቀርበዋል፤ ባለ አንድ ሰርቨር ኬ3ኤስ የክላስተሩን መረጃ ለማስቀመጥ በኢቲሲዲ ፈንታ ኤስኪውላይት የተባለውን ዳታቤዝ ይጠቀማል።

የቱንም ብትመርጡ፣ ከዴቭ ውጭ ቮልት ታሽጎ ነው የሚነሳው። ፖዱ «ራኒንግ» እያለ 0/1 (ገና ዝግጁ አይደለም) ካሳየ አልተበላሸም፤ ቁልፍ እየጠበቀ ነው። ካልነካችሁት 5 ቁልፍ ያወጣል፣ ለመክፈት 3ቱ ያስፈልጋሉ። ሦስት ፖድ ሲሆን ክላስተሩ በተነሳ ቁጥር 9 ጊዜ ማስገባት ነው። ለልምምድ ከሆነ መጀመሪያ ስታስጀምሩት አንድ ቁልፍ ብቻ እንዲያወጣ እዘዙት።