የፖፕ ዕቁብ ከመግባታችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ላይ ፈንኮ ፖፕ (ፈንኮ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያወጣውን ትልቅ ጭንቅላት ያለው ትንሽ የፕላስቲክ አሻንጉሊት) ለምታሰባስቡ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለልጆቻቸው ለሚከፍሉ እናቶችና አባቶች ነው። ሰሞኑን በቴሌግራም «የፖፕ ዕቁብ» የሚል ማስታወቂያ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። አትግቡ። ገብታችሁ ከሆነም የሚቀጥለውን ክፍያ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

አሠራሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ሸጋ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ይሰባሰባል፤ እያንዳንዱ በየሳምንቱ 500 ብር በቴሌብር ይልካል፤ በየሳምንቱ ዕጣ ይወጣና ባለዕጣው «ከአሜሪካ የመጣ፣ ምርቱ የተቋረጠ፣ ብርቅዬ» የተባለ አንድ ፖፕ ይወስዳል። በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ የሚማር ተማሪ በአንድ ጊዜ 6,000 ብር ከየት ያመጣል? በሳምንት 500 ግን ከምሳውም ከባጃጁም ቆጥቦ ይሞላዋል። ማስታወቂያውም የተጻፈው ይህንኑ አውቆ ነው።

ዕቁብ የጣለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው በዕቁብ የሚወጣው ገንዘብ ነው። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ባለዕጣ እኩል ይቀበላል። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ቀድሞ የወጣለት ሰው ዋስ ይጠራል። እዚህ ግን ገንዘቡን የሚሰበስበው፣ ዕጣውን የሚያወጣው፣ ዕቃውን የሚያቀርበውና የዕቃውን ዋጋ የሚተምነው አንድ ሰው ነው። ዕጣው ሲወጣ ያየ የለም፤ የባለዕጣው ስም ይለጠፋል፣ በቃ። ሻጩ በየሳምንቱ 6,000 ብር ገቢ አድርጎ አንድ አሻንጉሊት ይሰጣል፤ አሻንጉሊቱ 6,000 ብር ያወጣል ያለውም እርሱ ራሱ ነው። አያት ቅድመ አያቶቻችን በመተማመን ያቆሙትን ስም እንዲህ ላለ ንግድ መለጠፍ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከገንዘቡ በላይ ያበሽቀኛል።

ሒሳቡን እንየው። ተራ ፖፕ አሜሪካ ውስጥ ባሉ መደብሮች በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 ዶላር ይሸጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ መወደዱ አይካድም። ይሁን እንጂ ዶላሩን በ150 ብር እንኳን ብናሰላው 15 ዶላር 2,250 ብር ነው። የማጓጓዣውንና የሻጩን ትርፍ ጨምሩና እጥፍ አድርጉት፤ 4,500 ይሆናል። 6,000 አልሞላም። ያውም ዕቃው እውነተኛ ከሆነ ነው።

«ብርቅዬ ነው እኮ» ይላሉ። ብርቅዬ ፖፕ መኖሩ እውነት ነው። ኩባንያው ለአንዳንድ ፖፖች «ቼዝ» የሚባል ለየት ያለ ዓይነት ያወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከስድስት አንዱ ቼዝ ይሆናል። ይህንንም የሚያመለክት ስቲከር በሳጥኑ የፕላስቲክ መስኮት ላይ ይለጠፋል። ዋጋውን የሚሰቅለው ያቺ ስቲከር ናት። ስቲከር ደግሞ ማንም ማተሚያ ቤት ያትመዋል።

የጎረቤቴ ልጅ የደረሰውን ጎኩ (የ«ድራጎን ቦል» ካርቱን ጀግና ፖፕ) ይዞ መጥቶ አሳይቶኛል። የልብሱ ብርቱካናማ ቀለም ወደ አንገቱ ፈስሷል። የጸጉሩ መገጣጠሚያ በጥፍር የሚዳሰስ ሸንተረር አለው። ከሳጥኑ ሲወጣ የቀለም ማቅጠኛ (ቲነር) ሽታው አፍንጫ ይወጋል። ገልብጬ የእግሩን መርገጫ ሳይ ልሙጥ ነው፤ አንድ ፊደል የለበትም። በእውነተኛ ፖፕ መርገጫ ላይ ወይም አንገት ሥር የአምራቹ ስምና የምርት ቁጥር ይገኛል፤ በሳጥኑ ታች ካለው ቁጥር ጋር ማመሳከርም ይቻላል። እርግጥ ቁጥር ስላለው ብቻ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ አስመሳዮቹም ቁጥር ማተም ተምረዋል። ቁጥር የሌለውን ግን ብዙም መመርመር አያስፈልግም። የሳጥኑን ጽሑፍም ተመልከቱ፦ የጎኩ ሳጥን ፊደላት ጠርዛቸው ደብዝዞ ነበር፣ በላይኛው የቀኝ ጥግ ያለው መለያ ቁጥርም ወደ ጠርዙ ተጠግቶ ሊቆረጥ ደርሷል። እናቱ «ታዲያ ለልጅ ምን አለበት?» አሉኝ። ለመጫወቻማ ምንም የለበትም፤ ገበያ ውስጥ በመጫወቻ ዋጋ ቢገዙት ኖሮ እኔም ባልተናገርኩ።

ሻጩ ሌላም የሚያባብልበት ቃል አለው፦ «ዛሬ በ6,000 ያዙት፣ ከዓመት በኋላ እጥፍ ያወጣል።» ይህን ለሚያምን ሰው አንድ ነገር ልንገረው። በ2023 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ፈንኮ ራሱ መጋዘኑ ሞልቶ ዕቃ ማስቀመጫ ስላጣ፣ ከ30 እስከ 36 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ክምችቱን እንደሚያስወግድ አስታውቋል። አምራቹ የሚጥለውን ዕቃ ባሕር ዳር ያለ ተማሪ ለልጅ ልጁ ሀብት አድርጎ ያስቀምጠው ማለት ነው? ዋጋቸው የሚጨምር ጥቂት ፖፖች አሉ፤ ነገር ግን ከእነርሱ ገዢ ጋር የሚያገናኝ ገበያ እኛ ከተማ የለም።

«ሳጥኑ አልተከፈተም» ተብሎ ለሚጨመረው ዋጋም አትሸነፉ። ጣና ዳር የሚኖር ሰው ክረምቱን ያውቀዋል። በሐምሌና በነሐሴ ካርቶን እርጥበት ይስባል፣ ያብጣል፣ ሻጋታ ያበቅላል። በደረቅ አገር ላለ አሰባሳቢ ሳጥን ዋጋ ይኖረው ይሆናል፤ ሽምብጥ ወይም ፋሲሎ ባለ ቤት ግን ለካርቶን ተጨማሪ 1,000 ብር መክፈል ለሻጋታ መክፈል ነው።

በትንሽ ገንዘብ ማሰባሰብ ይቻላል። ያለ ሳጥን የሚሸጡትን ፈልጉ፤ በጣም ይረክሳሉ፣ መርገጫቸውንም ወዲያው ገልብጣችሁ ታያላችሁ። ከውጭ የሚመለስ ዘመድ ካለ ተራውን በመደብር ዋጋ እንዲያመጣ ለምኑት፤ ሻንጣ ውስጥ ብዙ ቦታ አይዝም፣ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲያስመርቅ ዕቃቸውን ሸጠው የሚሄዱ ተማሪዎችም አሉ። በማንኛውም ሁኔታ ዕቃውን በእጃችሁ ሳትይዙ፣ በቀን ብርሃን ሳታዩ ብር አትላኩ። ቪዲዮ አልቆጥርም፤ በቪዲዮ የሚያሳዩት እውነተኛውን፣ የሚሰጡት ሌላውን ሊሆን ይችላል።

ለከፈላችሁ ደግሞ፦ የቴሌብር መልእክቶቹንና የቴሌግራም ማስታወቂያውን አታጥፉ፤ ቻናሉ ሳይዘጋ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ደረሰኝ በጽሑፍ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ እምቢ ማለቱም ማስረጃ ነው። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፤ ስለዚህ «እስኪ ዕቁቡ ያልቅና» ብላችሁ አትጠብቁ፣ ዕቁቡ አሥራ ሁለት ሳምንት ነው። ብቻችሁንም አትሂዱ። አባላቱ ተሰባስባችሁ፣ የደረሳችሁን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ አንድ ልሙጥ እግር በአጋጣሚ ነው ሊባል ይችላል፣ አምስቱ አንድ ላይ ጠረጴዛ ላይ ሲገለበጡ ግን ለሻጩ ማስተባበል ይከብደዋል። የእናንተ ፖፕ እውነተኛ መሆኑን ለማመሳከር የምትፈልጉም የመርገጫውን፣ የሳጥኑን ታችና የስቲከሩን ፎቶ ከዚህ በታች አስቀምጡ፣ አይቼ የመሰለኝን እነግራችኋለሁ። የሻጩን ስምና ስልክ ግን እዚህ አትጻፉ፤ እርሱን ለጽሕፈት ቤቱ ስጡ።