የፋሲካ «ገደብ የለሽ ድራፍት» ፓኬጅ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ደብረ ዘይት አልፏል። ሁዳዴው ወደ ማለቂያው እየሄደ ነው። በሰፈራችን ያሉ ድራፍት ቤቶችም ከወዲሁ የፋሲካ ፖስተር መለጠፍ ጀምረዋል። ትናንት ማታ ከሥራ ስመለስ አንዱ ጋ ቆም ብዬ አነበብኩት። የቅበላው ፖስተር ራሱ ነው። ቀለሙ ተቀይሯል፣ ዶሮና እንቁላል ተጨምሮበታል። «ገደብ የለሽ ድራፍት» የሚለው ግን እዚያው ቦታው ላይ በትልቁ ተጽፏል።

ስለዚህ የቅበላ እሁድ የደረሰብንን ልንገራችሁ። የቤቱን ስም አልጠራም። ቅሬታዬን ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አስገብቼ መልስ እየጠበቅኩ ነው። ደግሞም ከሰማሁት ሁሉ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይመስለኝም።

ቤቱ የራሱን ቢራ ይጠምቃል። ከባሩ ጀርባ በመስታወት ውስጥ ትልልቆቹ የመዳብ ጋኖች ይታያሉ። ሦስት ዓመት ያህል ደንበኛ ነበርኩ። ምግቡ ጥሩ ነው፣ ቢራውም ጥሩ ነበር። ይህን የምለው ከመጀመሪያው የጠላሁት ቤት እንዳይመስላችሁ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ራሱ የጠመቀውን ቢራ የሚቀዳ ቤት ብዙ የለም። እንዲህ ያለ ቤት ሰፈሬ ስላለ ደስ ይለኝ ነበር።

የቅበላው ፖስተር እንዲህ ይላል፦ «ለ4 ሰው 6,000 ብር ብቻ። 1.5 ኪሎ ቁርጥ ወይም ጥብስ፣ ገደብ የለሽ ድራፍት፣ ቡና። ለቅበላ የተጠመቀ ልዩ ጥቁር ቢራ።» እኔን የሳበኝ የመጨረሻው ነው። ጀርመን፣ ሙኒክ ውስጥ የፓውላነር መነኮሳት በዐቢይ ጾማቸው ወቅት የሚጠጡት ጠንካራ ቢራ ይጠምቁ ነበር። ጾሙ ከምግብ ስለሚከለክላቸው ቢራው እንደ ፈሳሽ ዳቦ ይቆጠርላቸው ነበር። እስከ ዛሬ ሙኒክ ውስጥ በጾም ሰሞን የጠንካራ ቢራ ፌስቲቫል አለ። እነሱ በጾሙ፣ እኛ በቅበላው። ሐሳቡ ደስ አለኝ። ወንድሜም ከሐዋሳ መጥቶ ነበር። ባለቤቴንና እህቷን ጨምረን አራት ሆንን።

ቦታ ለመያዝ ስደውል ግማሹን፣ 3,000 ብር፣ ቀብድ ክፈሉ ተባልን። በቴሌብር የተሰጠን ቁጥር የድርጅቱ አልነበረም፤ የአንድ ግለሰብ ስም ነው የመጣው። «የካሸራችን ነው፣ ችግር የለውም» አሉኝ። ላክሁ። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ «በዕለቱ አንድ ላይ ይቆረጣል» ተባለ።

እሁድ 7 ሰዓት ላይ ደረስን። ጠረጴዛችን ላይ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ቆመን ጠበቅን። የተቀመጥነው 7:40 ነው። የመጀመሪያው ቢራ 7:50 ላይ መጣ። ሥጋው ደግሞ 8:35 ላይ። ልክ 9 ሰዓት ሲሆን አስተናጋጇ መጥታ ወንድሜን «ጋሼ፣ የፓኬጁ ሰዓት አልቋል፣ ከዚህ በኋላ የምትጠጡት በሂሳብ ነው» አለችው። የምን ሰዓት? ፓኬጁ ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው ለካ። ሁለቱ ሰዓት የሚቆጠረውም ከተቀመጥንበት ሳይሆን ቦታ ስንይዝ ከተባለው ሰዓት፣ ከ7 ሰዓት ነው። ፖስተሩ ላይ አንድም ቦታ አልተጻፈም። እነሱ ያስቆሙን 40 ደቂቃ ከእኛ ላይ ተቆረጠ። ልጅቷን አልወቅሳትም። የታዘዘችውን ነው ያደረገችው፣ ፊቷም ያስታውቅ ነበር።

በዚያች አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሕግ ነበር። አዲስ ዙር የሚቀዳው አራቱም ብርጭቆ ባዶ ሆኖ ሲመለስ ብቻ ነው። የባለቤቴ እህት ቀስ ብላ ነው የምትጠጣው። እሷ እስክትጨርስ ሁላችንም ደረቅ ብርጭቆ ይዘን ተቀመጥን። ሲሰበሰብም አስተናጋጇ ወረፋ ላይ ቆማ ትዘገያለች። በጠቅላላው ሦስት ዙር ነው የደረሰን፤ አሥራ ሁለት ብርጭቆ። ገደቡ አልተጻፈም እንጂ ነበረ። በሰዓት፣ በብርጭቆና በወረፋ የታሰረ ገደብ።

ብርጭቆውን ደግሞ ስሙኝ። ፖስተሩ ላይ ያለው ጃምቦ ነው። ጃምቦ ስንል ሁላችንም የምናስበው ግማሽ ሊትር ገደማ ነው። የመጣልን ሲንግል፣ ትንሹ ብርጭቆ ነው፣ እሱም ሲሶው አረፋ። አረፋ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ሁለት ጣት ያህል አረፋ የቢራውን ሽታ ይጠብቃል። ሲሶው ግን ብዙ ነው። ወንድሜ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ባዶ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አነሳ፣ አረፋው እስኪወርድ ጠበቀና ገለበጠበት። ከግማሹ ትንሽ ነው ያለፈው። ይህን እናንተም ማድረግ ትችላላችሁ፤ ፎቶ አንሱት። ጀርመን አገር ብርጭቆው ላይ ቢራው የት መድረስ እንዳለበት የሚያሳይ መስመር አለ። እኛ ጋ ይህን መስመር ያየሁበት ቤት የለም። ስለዚህ መለኪያው የእኛ ዓይን ነው።

ልዩ ጥቁር ቢራው የመጀመሪያው ዙር ላይ ብቻ መጣ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነበር፤ ወፈር ያለ፣ የተቆላ ገብስ የሚሸት። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ቀለሙ ተቀየረ። «ጥቁሩ አልቋል» ተባለ። የቤቱ ብሎንድም፣ ፈካ ያለው ቢራው፣ አልቋል። የተቀዳልን የትም ቤት የምናገኘው የፋብሪካ ድራፍት ነው። እሱን ብንፈልግ ቤታችን ሥር ካለው ግሮሰሪ እንጠጣ ነበር። ዋጋውም እዚያው ቤት ሜኑ ላይ ይለያያል፤ የቤቱ ቢራ ሲንግሉ 130፣ የፋብሪካው 80 ብር ነው። ቢራው ሲቀየር ፓኬጁ ላይ የተቀነሰ ነገር የለም።

ቁርጡን ሲመዝኑ አላየንም። ተቆርጦ፣ ተደርድሮ፣ ከነአጥንቱና ከነጮማው በሰሃን መጣ። ሥጋ ቤት ብንሄድ ሚዛኑ ፊት ቆመን ነበር። 1.5 ኪሎ ይሁን አይሁን ማረጋገጫ የለኝም፣ ስለዚህ አጉድለዋል አልልም። ጥብስ የምታዙ ግን ኪሎው የጥሬው እንደሆነና እሳት ላይ እንደሚቀንስ እወቁ። ሲመዘን ለማየት ጠይቁ። አያሳፍርም።

ከዚያ ሂሳብ መጣ። እኔ 3,000 ብር ነበር የያዝኩት፣ ቀሪዋን። በእጅ የተጻፈው ወረቀት 4,590 ይላል። 6,000 ላይ 10 ከመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ተጨመረ፣ 600። በ6,600ው ላይ 15 ከመቶ ቫት፣ 990። ድምሩ 7,590፣ ቀብዱ ሲቀነስ 4,590። «6,000 ብር ብቻ» ካለው ላይ 1,590 ብር ጨምሮ ማለት ነው። 10 እና 15 ስትደምሩ 25 ይመስላችኋል። ቫቱ ሰርቪሱም ላይ ስለሚሰላ በትክክል 26.5 ከመቶ ነው። ማንኛውም ሜኑ ላይ «ቫትና ሰርቪስ አይጨምርም» የሚል ደቃቅ ጽሑፍ ካያችሁ ለእያንዳንዱ 1,000 ብር 265 ብር ጨምራችሁ አስቡ።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን የማሽኑ ደረሰኝ ነው። የሚለው 3,795 ነው። እኔ የከፈልኩት 4,590። ልዩነቱ 795 ብር ከየት መጣ ብዬ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ማሽኑ ላይ የተመዘገበው ቀሪው 3,000 ከነሰርቪሱና ከነቫቱ ብቻ ነው። ወደ ግለሰቡ ስልክ የገባው ቀብድ የለበትም። በቀብዱ ላይ ግን 300 ብር ሰርቪስና 495 ብር ቫት አስከፍለውናል። ቫት ብለው የተቀበሉት 495 ብር በማሽን ያልተመዘገበ ነው። የመንግሥት ተብሎ ከእኔ ኪስ ወጣ፣ የት እንደገባ ደረሰኝ የለውም። ካሸሩን ስጠይቀው «ሲስተሙ ነው» አለኝ። ማናጀሩ መጣ። «የበዓል ፓኬጅ ተመላሽ የለውም» አለ። እኔ ይመለስልኝ አላልኩም፣ የከፈልኩትን ጻፉልኝ ነው ያልኩት። አልጻፉልኝም።

ቤት ገብቼ የበላን የጠጣነውን በሜኑው ዋጋ አሰላሁት። ቁርጥ ኪሎው 1,800 ነው፤ 1.5 ኪሎ 2,700። አራት የቤቱ ቢራ 520። ስምንት የፋብሪካ ድራፍት 640። አራት ቡና 240። ድምሩ 4,100፣ ከነሰርቪሱና ቫቱ 5,186 ብር። ፓኬጅ ሳንገዛ ዝም ብለን ገብተን ብናዝ ኖሮ 2,400 ብር ገደማ ይተርፈን ነበር። ያውም ሳንጣደፍ፣ ማንም ሰዓት ሳይቆጥርብን።

አሁን ለፋሲካው ልመለስ። ሰው 55 ቀን ጾሞ ነው የሚፈታው። ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ከክፍለ ሀገር ዘመድ ይመጣል፣ ሁሉም አንድ ቦታ መቀመጥ ይፈልጋል። ቦታ አይገኝም የሚለው ፍርሃት ቀብድ ቶሎ ያስከፍላል። እባካችሁ ከመላካችሁ በፊት ደውላችሁ ሦስት ነገር በጽሑፍ አስመልሱ፤ በቴሌግራምም ይሁን በኤስኤምኤስ። ድራፍቱ ለስንት ሰዓት ነው፣ ሰዓቱስ የሚጀምረው መቼ ነው? ዋጋው ቫትና ሰርቪስ ይጨምራል ወይ? የቤቱ ቢራ ካለቀ ምን ይደረጋል? መልሱን ለመጻፍ እንቢ ያለ ቤት መልሱን ሰጥቷችኋል። ቀብዱን በግለሰብ ስም አትላኩ። የድርጅቱ ስም በሚወጣበት የነጋዴ ቁጥር ወይም በድርጅቱ የባንክ ሂሳብ ይሁን።

አንድ ሌላ ነገርም ልጨምር፣ ቢራ ለምትወዱ። በጾሙ ሰሞን ድራፍት ቤቶች ቀዝቀዝ ይላሉ። ብዙ ሰው መጠጥም ይተዋል። ቤቱ የሚጠምቀው ቢራ ሳይጣራ የሚቀዳ ከሆነ እንደ ፋብሪካው ብዙ ቀን አይቆይም። ስለዚህ «ይሄ መቼ የተጠመቀ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠማቂው ጥያቄውን ይወደዋል፣ ሥራውን የሚያከብር ከሆነ። ቢራው የሚያልፍበት ቱቦም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ መታጠብ አለበት። ካልታጠበ ቢራው ይኮመጥጣል፣ አንዳንዴ የቆየ ቅቤ ይሸታል። እንዲህ ከሸተታችሁ ብርጭቆውን መልሱ። «የቤቱ ጣዕም ነው» የሚለውን አትቀበሉ።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል። ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይና ደረሰኝ እንዲሰጥም ያዛል። ያሳሳተ ማስታወቂያም ይከለክላል። ይህን ለማናጀሩ ስነግረው ሳቀ። እኔ ግን ፖስተሩን፣ በእጅ የተጻፈውን ወረቀት፣ የማሽኑን ደረሰኝና የቴሌብሩን መልዕክት አንድ ላይ አድርጌ ነው ያስገባሁት። የተቀበለችኝ ሠራተኛ አራቱንም አገላብጣ አየቻቸውና «ብዙ ሰው በቃሉ ነው የሚመጣው፣ እንዲህ ይዞ የሚመጣ ጥቂት ነው» አለችኝ። ቁጥር ሰጥታኛለች። በዳግማዊ ትንሣኤ ሳምንት ተመለስ ብላኛለች።