ኤችፒ ማይክሮሰርቨር ጄን8 ለቤት ፋይል ማከማቻ፦ ሳጥኑ ጠንካራ፣ አነሳሱ አመለኛ

ፎቶ፣ ቪዲዮና የሥራ ሰነድ ቤት ውስጥ በአንድ ቦታ ማከማቸት ለሚፈልግ፣ ሊኑክስ መጫንም ለማይከብደው ሰው ኤችፒ ማይክሮሰርቨር ጄን8 ዛሬም ቢገዛ አያስቆጭም። ነገር ግን ማንም ሰው በሚገምተው መንገድ ከጫናችሁት፣ መብራት ሄዶ የመጣ ዕለት ሳይነሳ ይቀራል። ከዚህ በታች ያለው ግምገማ አብዛኛው ስለዚሁ ነው፤ የቀረው ነገሩ ብዙም አያከራክርም።

ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው። ጎኑ 25 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ሳጥን ሲሆን፣ አራት ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ማስገቢያ፣ ሁለት ጊጋቢት የኔትወርክ ፖርት፣ እንዲሁም እስከ 16 ጊጋባይት የሚደርስ የሁለት ራም ቦታ አለው። ፕሮሰሰሩ ብዙውን ጊዜ ሴለሮን ጂ1610ቲ ወይም ፔንቲየም ጂ2020ቲ ነው። ለፋይል ማከማቻ ሁለቱም ይበቃሉ፤ ለፕሮሰሰር ብላችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። ራም ስትጨምሩ ኢሲሲ (ስህተት የሚያርም) አንባፈርድ ዲዲአር3 መሆኑን አረጋግጡ፤ ከትልልቅ ሰርቨር የሚነቀለው ሬጅስተርድ ራም ቦታው ላይ ቢገባም ማሽኑ አይነሳበትም። ስክሪን የሚያወጣው በቪጂኤ ብቻ ስለሆነ የቪጂኤ ሞኒተር ወይም መቀየሪያ አዘጋጁ። ፓወር ሰፕላዩ 150 ዋት ሆኖ ሳጥኑ ውስጥ ነው ያለው። ባለ ሁለት ዲስኮቹ ትንንሽ ማከማቻዎች በውጭ አዳፕተር ስለሚሠሩ አዳፕተሩ ሲደክም መብራታቸው በርቶ ዲስኩ መዞር ያቅተዋል፤ እዚህ ያ ጣጣ የለም።

አመሉ የሚጀምረው ከዲቪዲ ቦታው ነው። ከአራቱ ሃርድ ዲስኮች በላይ ቀጭን ዲቪዲ የሚገባበት ክፍት ቦታ አለ፤ አምስተኛው የሳታ (የዲስክ ማገናኛ) መስመር ለእሱ የተተወ ነው። አራቱን ለፋይል ትቶ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እዚህ በምትገባ ኤስኤስዲ ላይ መጫን የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፤ ሐሳቡም ልክ ነው። እዚያ ያለው የኃይል ገመድ እንደ ድሮው ፍሎፒ ባለ አራት ፒን ስለሆነ ወደ ሳታ የሚቀይር ገመድ ያስፈልጋል። ዴቢያን የሚባለው ሊኑክስ ያለ ምንም ቅሬታ ይጫናል። ሪስታርት ሲደረግ ግን ጥቁር ስክሪን ላይ «ነን-ሲስተም ዲስክ ኦር ዲስክ ኤረር» የሚል ጽሑፍ ይጠብቃችኋል፤ የሚነሳበት ሲስተም አላገኘም ማለት ነው።

ጥፋቱ የባዮሱ (ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ፈልጎ የሚያስነሳው የማሽኑ ሶፍትዌር) ነው። በኤኤችሲአይ ሞድ (ዲስኮቹ ለየብቻ በሚታዩበት) ሲሠራ «ሃርድ ድራይቭ ሲ» ብሎ የሚሞክረው መጀመሪያ ያገኘውን ዲስክ ነው። ከአራቱ ቦታዎች በአንዱ ዲስክ ካለ እዚያው ይቀራል፤ ወደ አምስተኛው አያልፍም። አራቱም ባዶ ከሆኑ ግን ከዲቪዲ ቦታው ጥሩ አድርጎ ይነሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ባዶውን ሞክሮ «ሠራ» ይላል፣ ዲስኮቹን ሲጨምር እምቢ ይለዋል፣ ከዚያ የገዛው ዲስክ የተበላሸ ነው ብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ዲስኩ ምንም አልሆነም።

ቢ120አይ በሚባለው የሬይድ (ብዙ ዲስኮችን አንድ አድርጎ የሚያሠራ) ሞድ አምስተኛውን ዲስክ ብቻውን ሬይድ 0 አድርጎ ከእሱ ማስነሳት እንደሚቻል የሚነግራችሁ አይጠፋም። እኛ አንመክረውም። ስሙ ስማርት አሬይ ይሁን እንጂ ሥራውን የሚሠራለት ሶፍትዌር ነው፤ ድራይቨሩ ዝግ ስለሆነ ከዴቢያን ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ጋር አይመጣም። ኤኤችሲአይ ላይ ትታችሁ ዲስኮቹን ኤምዲኤድኤም በሚባለው የሊኑክስ መሣሪያ ሬይድ ብታደርጓቸው፣ ነገ ማሽኑ ቢቃጠል ሊኑክስ ያለው ማንኛውም ዴስክቶፕ ላይ ተሰክተው ይነበባሉ። የኤኤችሲአይ ጉዳቱ ማራገቢያው ከፍ ብሎ መሽከርከሩ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ አልጋ አጠገብ ለሚያስቀምጠው ሰው ይሰማል፣ ኮሪደር ላይ ከሆነ አይሰማም።

አስተማማኙ መንገድ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው የውስጥ ዩኤስቢ ማስነሳት ነው። አንድ ደህና ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል። ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ9 ተጭናችሁ ሴቲንጉ ውስጥ ግቡ። ሲስተም ኦፕሽንስ ሥር የሳታውን ሞድ ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሩ። እዚያው በዩኤስቢ ኦፕሽንስ ውስጥ «ሪሙቨብል ፍላሽ ሚዲያ ቡት ሲኩዌንስ» የሚለውን የውስጥ ፍላሽ እንዲቀድም አድርጉ። በመጨረሻ በቡት ኦርደር ዩኤስቢውን ከ«ሃርድ ድራይቭ ሲ» በላይ አውጡት። ዴቢያን 12ን ስትጭኑ ፓርቲሽኑን በእጅ ክፈሉ፦ በውስጥ ፍላሹ ላይ 1 ጊጋባይት ኤክስት4 ለ«ቡት» (ለማስነሻ ፋይሎቹ)፣ ሩት (ዋናው ሲስተም) እና ስዋፕ (የራም መጠባበቂያ) በኤስኤስዲው ላይ። ግረብ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የሚጫነው ፍላሹ ላይ ነው።

ኢንስቶለሩ «ግረብን የት ልጫን» ሲል ረጋ በሉ። ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚሉት የዲስክ ስሞች በዲስኮቹ ቁጥር ልክ ስለሚቀያየሩ በሞዴልና በመጠን ነው መለየት ያለባችሁ። ኢንስቶለሩ ያለበት የውጭ ፍላሽም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። እሱን ከመረጣችሁ ማሽኑ ፍላሹ ተሰክቶ ሳለ በደንብ ይነሳል፣ ነቅላችሁ ስትወስዱት ይቆማል። ያኔ እንደገና መጫን አያስፈልግም፤ ፍላሹን መልሳችሁ ሰክታችሁ አስነሱና «ግረብ-ኢንስቶል» የሚለውን ትእዛዝ በውስጠኛው ፍላሽ ስም ስጡ።

ግረብ ብቻውን ፍላሽ ላይ ሆኖ ቀሪው ኤስኤስዲው ላይ ያለበት አሠራርም ተለምዷል። ፍላሹ ላይ «ሩት ኤችዲ5 ነው» ብሎ ይጻፋል፤ ፍላሹ ኤችዲ0፣ አራቱ ዲስኮች ከ1 እስከ 4፣ ኤስኤስዲው 5 ማለት ነው። ይህ የሚሠራው አራቱም ዲስኮች ጤነኛ እስከሆኑ ድረስ ነው። አንዱ ሞቶ ባዮሱ ካላየው ኤስኤስዲው 4 ሆኖ ይቆጠራል፣ ግረብ 5ን ፈልጎ ያጣል፣ ማሽኑ አይነሳም። ሬይድ የተሠራው አንድ ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ነበር፤ ይህቺ አንድ መስመር ግን ድካሙን ሁሉ ታፈርሰዋለች። ቁጥሩን አውጥታችሁ በዩዩአይዲ (በፓርቲሽኑ የራሱ መለያ) የሚፈልገውን «ሰርች» ትእዛዝ ተኩበት።

ፍላሽ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ቅጂ ይኑራችሁ። በ«ዲዲ» ትእዛዝ ወደ ሌላ ተመሳሳይ ፍላሽ ገልብጡና መሳቢያ ውስጥ አኑሩት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትሰኩ፤ ዩዩአይዲያቸው አንድ ስለሆነ የትኛው እንደተነሳ አይታወቅም። ከርነል በታደሰ ቁጥር ቅጂውንም አድሱ። ካልታደሰስ? የድሮው ከርነል ይነሳል፣ ነገር ግን «አፕት አውቶሪሙቭ» ሞጁሎቹን ከኤስኤስዲው አጥፍቷቸው ከሆነ የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር ቲጂ3 ላይገኝ ይችላል። ያኔ ማሽኑ በርቷል፣ ሎግኢን ይጠይቃል፣ ኔትወርክ ላይ ግን የለም፤ ሰው ደግሞ ራውተሩንና ኬብሉን ሲወቅስ ይውላል።

ከፊት ያለው ሰማያዊ መብራት መብራቱ ኃይል እንዳለ እንጂ ሲስተሙ እንደተነሳ አያሳይም። የሚታመነው የስክሪኑ ጽሑፍ ነው። «ነን-ሲስተም ዲስክ» ካለ ባዮሱ ግረብን አላገኘም፦ ወይ ፍላሹ ሞቷል፣ ወይ ቡት ኦርደሩ ተቀይሯል። «ግረብ ሬስኪው» ብሎ ከቆመ የግረብ የመጀመሪያ ክፍል ተነስቷል፣ የቀረውን ፋይል የሚያነብበት ፓርቲሽን ግን ጠፍቶበታል፤ ቅጂውን ፍላሽ ሞክሩ። «አለርት፣ ዩዩአይዲ ዳዝ ኖት ኤግዚስት» ብሎ ወደ ኢኒትራምኤፍኤስ (ጊዜያዊው የማስነሻ ሲስተም) የጣላችሁ እንደሆነ ከርነሉ ደህና ነው፣ ያልታየው ኤስኤስዲው ነው። እዚያው «ብልክአይዲ» ብላችሁ ጻፉ። ኤስኤስዲው ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ዘግይቶ ነው የታየው፤ በግረብ መስመር ላይ «ሩትዲሌይ=10» ጨምሩ። ጭራሹን ከሌለ መጀመሪያ የምትነኩት ያንን የፍሎፒ መቀየሪያ ገመድ ነው፤ ላላ ያለ ፒን የተለመደ ነገር ነው። ቀጥሎ ኤፍ9 ገብታችሁ ሳታው ኤኤችሲአይ ላይ መሆኑን እዩ። ሴቲንጉ በማናቸውም ምክንያት ወደ ፋብሪካው ከተመለሰ የሚመለሰው ወደ ቢ120አይ ነው። ሰዓቱም አብሮ ተዛብቶ ከሆነ ሲአር2032 ባትሪውን ቀይሩ።

«ኢመርጀንሲ ሞድ» የሚለው ከሁሉም በላይ የሚያስደነግጥ፣ ግን በቀላሉ የሚፈታ ነው። በኤፍስታብ (ሲነሳ የሚከፈቱት ዲስኮች ዝርዝር) ውስጥ የተጻፈ አንድ ዲስክ ወይም ሬይድ ሳይታይ ሲቀር አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ 90 ሰከንድ ይጠብቅና ሁሉን ያቆማል፤ ኤስኤስኤችም (ከሌላ ኮምፒውተር የሚገባበት መንገድ) አይነሳም። ዴቢያን ሲጫን የሩት (እዚህ የአስተዳዳሪው አካውንት) ፓስወርድ ባዶ ከተተወ ደግሞ «ሩት አካውንት ኢዝ ሎክድ» ብሎ በሩን ይዘጋባችኋል። ስለዚህ ስትጭኑ ለሩት ፓስወርድ ስጡት። የፋይል ሬይዱን መስመር በዩዩአይዲ ጻፉ፤ ኤምዲ0 የነበረው ኤምዲ127 ሆኖ ቢነሳም ለውጥ አያመጣም። በመስመሩ ላይ «ኖፌይል» እና የ15 ሰከንድ ታይምአውት ጨምሩ። ያኔ ሬይዱ ቢቀር እንኳ ማሽኑ ይነሳል፣ ከሌላ ክፍል ገብታችሁ ታያላችሁ። ድንገት ጠፍቶ ሲነሳ «ራን ኤፍኤስሲኬ ማኑዋሊ» (የፋይል ጥገናውን በእጅ አስኬዱ) ካለ ቶሎ ብላችሁ በ«-ዋይ» (ሁሉንም አዎ በሚል) አታስኬዱት፤ አስቀድማችሁ በ«ስማርትሲቲኤል» የፔንዲንግና የሪአሎኬትድ (የሚያጠራጥሩና የተተኩ) ሴክተሮችን ቁጥር እዩ። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ጥገናው የባሰ ይጎዳዋል።

የዚህ ሳጥን ትልቁ ሀብት አይሎ 4 ነው። ከዋናው ሲስተም ተለይቶ የራሱ ፖርት፣ የራሱ አይፒ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ ማሽኑ ጠፍቶም ይሠራል። ባለ ሁለት ዲስክ ባለ አርም ማከማቻ ሲበላሽ ቡቱን ለማየት ክዳኑን ፈትቶ የ3.3 ቮልት ሲሪያል መቀየሪያ ቦርዱ ላይ መሰካት ግድ ይላል። እዚህ ከሶፋችሁ ሳትነሱ ይታያል። ያለ ተጨማሪ ፈቃድ የግራፊክ ኮንሶሉ የማሽኑ መነሻ ምርመራ ሲያልቅ ይዘጋል፤ በኤስኤስኤች ገብቶ «ቪኤስፒ» ብሎ የሚከፈተው የጽሑፍ ኮንሶል ግን ነፃ ነው። ኤፍ9 ውስጥ ቨርችዋል ሲሪያሉ ኮም 2 ላይ መሆኑን አረጋግጡና በግረብ ሴቲንግ ላይ «ኮንሶል=ቲቲዋይኤስ1፣115200» ጨምሩ፤ ኢመርጀንሲ ሞድን ጭምር ከስልክ ማስተካከል ትችላላችሁ። መውጫው እስኬፕ ተጭኖ ቀጥሎ የቅንፍ መክፈቻ ነው። የአይሎው ፈርምዌር ከ2.53 በታች ከሆነ ያለ ፓስወርድ የሚያስገባ ቀዳዳ አለበት፤ አድሱት፣ በምንም መንገድ ደግሞ ከኢንተርኔት በቀጥታ እንዲታይ አታድርጉ።

ለአዲስ አበባ መብራት ሦስት ሴቲንግ ይበቃል። አውቶማቲክ ፓወር-ኦንን ሁልጊዜ እንዲበራ አድርጉ። ፓወር-ኦን ዲሌይን 60 ሰከንድ አድርጉት፤ መብራት ሲመጣ ብልጭ ድርግም ብሎ ነው የሚረጋው፣ ዲስክ የሚጎዳውም እየተነሳ ሳለ ሲቋረጥበት ነው። «ፖስት ኤፍ1 ፕሮምፕት»ን ወደ ዲሌይድ ቀይሩ፤ አለዚያ ጥቃቅን ስህተት ባገኘ ቁጥር ኤፍ1 እስክትጫኑ ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃችኋል። ዩፒኤስ ከገዛችሁ የዩኤስቢ ፖርት ያለውን ምረጡና ኤንዩቲ የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ። ማሽኑን በሥርዓት የሚያጠፋው እሱ ነው፤ ያለ እሱ ዩፒኤሱ የመጥፊያውን ሰዓት ከማዘግየት ያለፈ ፋይዳ የለውም።

ያገለገለውን ፒያሳም ሆነ ሜክሲኮ አካባቢ ካገኛችሁት፣ ሻጩ አብርቶ ሎጎ ስላሳያችሁ ብቻ ብር አትክፈሉ። ቢያንስ ሁለት ዲስክ አስገብታችሁ፣ ዴቢያን ላይቭ ያለበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ከውስጠኛው ዩኤስቢ አስነሱት። አራቱንም የዲስክ ቦታዎች በየተራ ሞክሩ። አይሎው የፓስወርድ ካርዱ ጠፍቶ ከሆነ አትፍሩ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የጥገና ማብሪያ ማጥፊያ ቁጥር 1 ሲበራ ያለ ፓስወርድ ያስገባል፣ አዲስ ከሰጣችሁ በኋላ መልሱት። አይሎው ጭራሹን የማይመልስ ከሆነ ግን ዋጋውን እንደ ተራ የዚያ ዘመን ዴስክቶፕ ቆጥራችሁ ተከራከሩ። የዲስክ መያዣ ትሪዎቹን ቆጥራችሁ ተረከቡ፤ አራት መሆን አለባቸው።