ከዚራ ላለችው ፋርማሲስት ምስጋና

ድሬዎች፣ አንድ ሰው ላመሰግንና ልጠቁማችሁ ነው። ከዚራ ሰፈር፣ ከምድር ባቡሩ ብዙም ሳይርቅ አንድ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ፋርማሲስት አለች። ሶሪያሲስ የሚባለው ቆዳን የሚያቀላና የሚያቀረፍፍ ሕመም ካለብሽና ልጅ ካሰብሽ መድኃኒትሽን ይዘሽ እሷ ጋር ጎራ በይ።

እኔን ሶሪያሲስ ለዓመታት አሰቃይቶኛል። ሌላ ቦታ ሜቶትሬክሴት ታዘዘልኝ። ቆዳዬን አጥርቶልኛል፣ አልዋሽም። ግን ያዘዘልኝ ሰው ባለትዳር መሆኔን እንኳ አልጠየቀኝም። እሷ ወረቀቱን አየችና «እህቴ፣ ልጅ አስባችኋል እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ብሬን ይዤ ቆሜ አልሸጥልሽም አለች!

ከዚያ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ሜቶትሬክሴት ፎሊክ አሲድ የሚባለው ለጽንስ የሚያስፈልግ ቫይታሚን ሥራውን እንዳይሠራ ያግዳል። በእርግዝና ከተወሰደ ሊያስወርድ ወይም ጽንሱ ላይ የአካል ጉድለት ሊያመጣ ይችላል። ካቆሙትም በኋላ እንደ ሐኪሙ ምክር ከ3 እስከ 6 ወር ሳያረግዙ መቆየት ያስፈልጋል። አሲትሬቲን የሚባለው ሌላው የሶሪያሲስ መድኃኒት ደግሞ ይብሳል፤ 3 ዓመት ያስጠብቃል። እስከዚያው የእርግዝና መከላከያ እንዳልተው አሳስባ፣ ለቆዳ ሐኪም የምሰጠው ማስታወሻ ጻፈችልኝ። ሐኪሙ መድኃኒቱን አስቁሞ በቫዝሊንና ቀለል ባለ የስቴሮይድ ቅባት ቀየረልኝ። በድሬ ሙቀት ቫዝሊን ተቀብቶ መዋልን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ አቦ!

ካረገዝኩም በኋላ አልተወችኝም። ግማሽ ያህሉ ነፍሰ ጡሮች ቆዳቸው እንደሚሻላቸው፣ አንዳንዶቹን ግን እንደሚብስባቸው ነገረችኝ። እኔ ተሻለኝ። አማቴ «ልጁ ላይ ይጋባል» ብለው እንቅልፍ ሲያጡ ይዣቸው ሄድኩ። በንክኪ እንደማይተላለፍ፣ በዘር ሊመጣ ቢችልም የታማሚ ልጅ ሁሉ ይታመማል ማለት እንዳልሆነ፣ «እማማ» እያለች ሳትቸኩል አስረዳቻቸው። ስንወጣ «የወለደቻት ትባረክ» አሉ።

ልጄ በጊዜዋ፣ በሙሉ ጤና ተወለደች። ከወሊድ በኋላ ቆዳዬ እንደገና ተነሣብኝ፤ ብዙ ሴቶች ላይ እንደሚሆን ቀድማ ነግራኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። ቅባቱን ጡቴ ጫፍ ላይ እንዳላደርግ፣ እያጠባሁም ወደ ሜቶትሬክሴት እንዳልመለስ አስጠነቀቀችኝ።

ስሟን ያልጻፍኩት ስለለመነችኝ ነው። ፋርማሲውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠዋት ሂዱ፤ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ እስኪበርድ ይዘጋሉ። የምትወስዱትን ሁሉ ያዙ፣ ከታይዋን ገበያ የገዛችሁትን ክሬም ሳይቀር። ውስጡ ምን እንዳለ አንብባ ትነግራችኋለች።