በፈረንሳይኛ አፌን ለፈቱልኝ መምህርት

አንድ ቀን ለሥራ ባልደረባዬ ሰነዱ ከሳጥኑ በላይ እንዳለ በስልክ በፈረንሳይኛ ነገርኩት። ከሳጥኑ ሥር ሲፈልግ ቆይቶ «የለም» አለኝ። በፈረንሳይኛ «በላይ» እና «በታች» የሚባሉት ቃላት በእኛ ፊደል ቢጻፉ ሁለቱም «ደሱ» ናቸው፤ የሚለዩት በመጨረሻዋ አናባቢ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ለሁለቱም ያለኝ አንድ «ኡ» ነበር። ለዓመታት ሳነብና ስጽፍ የኖርኩበት ቋንቋ በአንድ አናባቢ ሲከዳኝ በጣም አዘንኩ። የድምፅ አነጋገር የሚያስተምሩኝን መምህርት ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ዛሬ በአደባባይ ላመሰግናቸው እወዳለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ደብተሬን ገልጠው አዩና ከየቃሉ አጠገብ በፊደል የጻፍኩትን አነባበብ በሙሉ እንድሰርዝ አዘዙኝ። የብዙ ወራት ልፋቴ ስለነበር ቅር አለኝ። ከዚያ መስታወት አስያዙኝና «ኢ በዪ» አሉኝ። «አሁን ምላስሽ እንዳይነቃነቅ፤ ከንፈርሽን ብቻ ለፉጨት እንደምታሞጠሙጪ አሞጥሙጪው።» የወጣው ድምፅ «ኢ»ም «ኡ»ም አልነበረም። ከሰባቱ የፊደላችን ድምፆች በአንዱም የማይጻፍ ነው፤ ደብተሬ ለምን እንደተሰረዘ ያን ጊዜ ገባኝ።

በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎችም እንዲሁ ነበሩ። «ጥሩ» የሚለውን ቃል «ቦን» ብዬ ጽፌ «ን»ዋን አጥብቄ እጠራ ነበር። ለካስ «ን» በግልጽ የሚሰማው በአንስታይ ፆታ ነው፤ በተባዕታዩ የምላስ ጫፍ ላንቃን ሳይነካ ድምፁ በአፍና በአፍንጫ ይወጣል። መምህርቴ አፍንጫዬን በሁለት ጣት ይዤ እንድለው አደረጉኝ፤ ድምፁ ከታፈነ ልክ ነኝ፣ ካልተለወጠ ግን አፍንጫዬ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። እስከ ዛሬ ብቻዬን ስለማመድ የምፈትነው በዚሁ ነው።

ብዙ ሰው የሚጨነቅበትን ከጉሮሮ የሚወጣውን «ር» ሆን ብለው ለመጨረሻ አስቀመጡት። የእኛን «ር» በምላስ ጫፍ ብናርገበግበው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ይረዳናል፤ አናባቢ ከተሳሳትን ግን ቃሉ ራሱ ይለወጣል። ይህ ቅደም ተከተላቸው በእኔ ግምት የሥራቸው ትልቁ ብልሃት ነው።

ቃላት ሲገናኙ የሚፈጠረውን ድምፅም ችላ አይሉም። «ጓደኞቹ» ለማለት «ሌዛሚ» ተብሎ ይያያዛል፤ «ጀግኖቹ» ግን «ሌ ኤሮ» ተብሎ ተለይቶ ይነገራል። አያይዞ «ሌዜሮ» ያለ ሰው ጀግኖቹን ዜሮዎች አደረጋቸው።

ከትምህርት በኋላ ድምፄን ቀድቼ እልክላቸዋለሁ። አሥር ስህተት ቢሰሙም የሚነግሩኝ አንዱን ብቻ ነው፤ እሱ ሳይስተካከል ወደ ሌላ አያልፉም። ትዕግሥታቸው ወሰን የለውም፣ «ይበቃል፣ ተሰምቷል» ብለው ግን አያልፉም። ሰዋስው ለመማር ለሚፈልግ ሰው አልጠቁማቸውም፤ ሥራቸው አፍና ጆሮ ላይ ነው። ፈረንሳይኛ እያነበበ መናገር ለሚፈራ ግን ከእርሳቸው የተሻለ አላውቅም። አድራሻቸውን የሚፈልግ በግል ይጻፍልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ።

መምህርቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።