የሲሊከን ፎቶኒክስ ቺፕ በምን ይለካ? የሦስት መሣሪያዎች ንጽጽር ለገዢዎች

የሲሊከን ፎቶኒክስ ቺፕ ብርሃንን በሲሊከን ላይ በተቀረጹ ጥቃቅን ቦዮች የሚመራ ቺፕ ነው። ይህን ለመለካት የመሣሪያ ሻጭ የሚያቀርበው ወረቀት በቁጥር የተሞላ ነው፤ የሌዘሩ ኃይል፣ የሞገድ ርዝመቱ ትክክለኛነት፣ የፍተሻው ፍጥነት። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ገዢው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፦ ቺፔ ላይ ካለው ሁሉ በስፔክትረም (ብርሃኑ በየሞገድ ርዝመቱ ሲዘረዘር) ላይ እጅግ ጠባብ የሆነው የቱ ነው? ስፋቱስ ስንት ፒኮሜትር (የናኖሜትር አንድ ሺኛ) ነው? ይህ ካልታወቀ ውዱም ርካሹም መሣሪያ እኩል የተሳሳተ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

በ1550 ናኖሜትር አካባቢ የሚሠራ የቀለበት ሬዞኔተርን፣ ማለትም ሬዞናንስ በሚባሉ የተወሰኑ የሞገድ ርዝመቶች ላይ ብቻ ብርሃን የሚያከማች ክብ ቦይን፣ እንውሰድ። የሬዞናንሱ ስፋት የሚገኘው የሞገድ ርዝመቱን ለጥራት ቁጥሩ (ቀለበቱ ብርሃኑን ሳያባክን ይዞ የማቆየት አቅሙ መለኪያ) በማካፈል ነው። የጥራት ቁጥሩ 10,000 ከሆነ ስፋቱ 155 ፒኮሜትር ይሆናል፤ 100,000 ከሆነ 15.5፤ አንድ ሚሊዮን ከደረሰ 1.55 ፒኮሜትር ብቻ። በሌላ በኩል ብርሃንን ወደ ቺፕ የሚያስገባ ግሬቲንግ (የተቀረጹ ጥቃቅን መስመሮች ድርድር) በአሥር ናኖሜትሮች የሚቆጠር ስፋት አለው። ሁለቱ በአንድ ቺፕ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡም የሚጠይቁት መሣሪያ ለየቅል ነው።

ሰፊ የብርሃን ምንጭና ስፔክትረም አናላይዘር

የመጀመሪያው አማራጭ ብዙ የሞገድ ርዝመቶችን በአንድ ጊዜ የያዘ ብርሃን በአንድ በኩል አስገብቶ የሚወጣውን በስፔክትረም አናላይዘር ማንበብ ነው። ምንጩ ሱፐርሉሚነሰንት ዳዮድ ወይም የሚያጎላው ምልክት ሳይሰጠው በራሱ የሚያበራ የኤርቢየም ፋይበር ማጉያ ሊሆን ይችላል። በአናላይዘሩ ውስጥ ያለው ግሬቲንግ ብርሃኑን በየሞገድ ርዝመቱ ይበትነዋል፤ ጠባብ ስንጥቅ ደግሞ አንዱን ቁራጭ ብቻ ለዲቴክተሩ ያሳልፋል። በብዙ ላቦራቶሪዎች የሚታወቀው የዮኮጋዋ ኤኪው6370 ተከታታይ ምርት ከ600 እስከ 1700 ናኖሜትር ይሸፍናል፤ የመለየት አቅሙም እስከ 20 ፒኮሜትር ይወርዳል።

ይህ ሽፋን በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ዛሬ በ1550 ናኖሜትር የሚሠራ ቡድን ነገ ለዳታ ማዕከል ግንኙነት ወደ 1310 ሊዞር ይችላል። ሁለቱንም የሞገድ ርዝመት መስኮቶች አጠቃልሎ የሚይዝ ተስተካካይ (የሞገድ ርዝመቱ የሚቀያየር) ሌዘር እምብዛም አይገኝም፤ አናላይዘሩ ግን ምንጩ ብቻ ተቀይሮለት ሥራውን ይቀጥላል። ግሬቲንጎችን፣ ሰፊ ማጣሪያዎችን፣ ብርሃን ከፋዮችንና የሌዘር ዳዮዶችን ለሚፈትሽ ሰው ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ግዢ የለም ባይ ነኝ።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛው ያው 20 ፒኮሜትር ነው። ስፋቱ 15.5 ፒኮሜትር የሆነ ሬዞናንስ በዚህ መሣሪያ ሲለካ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ስፋት በአብዛኛው የመሣሪያው የራሱ ነው፤ ጥልቀቱም ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል። ይህን ውጤት አምኖ ንድፉን የሚያርም መሐንዲስ ያልታመመውን ያክማል።

ሁለተኛው የብርሃን እጥረት ነው። 10 ሚሊዋት በ80 ናኖሜትር ላይ የተዘረጋ ምንጭ ቢኖር፣ 20 ፒኮሜትር በሆነች መስኮት ውስጥ የሚገኘው 2.5 ማይክሮዋት ብቻ ነው። በመግቢያውና በመውጫው ግሬቲንግ 4፣ 4 ዴሲቤል (የኃይል ንጽጽር መለኪያ፤ 10 ዴሲቤል አሥር እጥፍ ነው)፣ በቺፑ ውስጥ ሌላ 3 ዴሲቤል ሲባክን ዲቴክተሩ ዘንድ የሚደርሰው ከ0.2 ማይክሮዋት አይበልጥም። ይህ በራሱ ይለካል። ከዚህ በታች 50 ዴሲቤል የሚወርድ የማጣሪያ ጉድጓድ ለማየት ግን አናላይዘሩን እጅግ አዝግሞ ማስኬድ ያስፈልጋል።

ተስተካካይ ሌዘርና ዲቴክተር

እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሞገድ ርዝመቱን የሚለየው ምንጩ ነው፣ ዲቴክተሩ የደረሰውን ኃይል ብቻ ይቆጥራል። የሌዘሩ ኃይል ሁሉ በአንድ የሞገድ ርዝመት ላይ ስለሚያርፍ 1 ሚሊዋት ብቻ የሚሰጥ ሌዘር እንኳ ከላይ ካሰላነው የ2.5 ማይክሮዋት ቁራጭ 400 ጊዜ ይበልጣል። የመለየት አቅሙ ወደ 1 ፒኮሜትርና ከዚያም በታች ይወርዳል። ኪሳይት፣ ሳንቴክና ኤክስፎ በዚህ ዘርፍ ስማቸው የሚነሳ አምራቾች ናቸው። የቀለበት ሬዞኔተር ዋና ሥራው ለሆነ ላቦራቶሪ ምርጫው ይኸው ነው፤ ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም።

ማሰብ የሚያስፈልገው በዝርዝሩ ላይ ነው። አንዳንድ ሌዘሮች ወደ አንድ የሞገድ ርዝመት ደርሰው፣ ቆመው፣ ለክተው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሌሎች ሳይቆሙ ይጠርጋሉ። 100 ናኖሜትርን በየ1 ፒኮሜትሩ ለመልቀም 100,000 ነጥብ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ነጥብ 0.1 ሰከንድ ቢወስድ ሥራው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ፋይበሩ ከቦታው ሸርተት ብሎ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነጥብ ስለ አንድ ቺፕ የማይናገሩ ይሆናሉ። በሰከንድ 100 ናኖሜትር የሚጠርግ ሌዘር ያንኑ በአንድ ሰከንድ ይጨርሳል። ነገር ግን ዲቴክተሩ በየ10 ማይክሮሰከንዱ አንድ ንባብ መስጠት አለበት፤ ብዙዎቹ ተራ የኃይል መለኪያዎች እዚህ ላይ ይሸነፋሉ። በጥርጊያው መካከል ብርሃኑ በድንገት ሲደክም የመለኪያ ደረጃቸውን ለመቀየር ቆም የሚሉም አሉ፤ ያኔ ግራፉ ላይ ከቺፑ ያልመጣ ደረጃ ይፈጠራል። ስለዚህ ፈጣን ሌዘር ከዘገምተኛ መለኪያ ጋር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሻጮች አብዝተው የሚያወድሱት የሌዘር ኃይል ደግሞ ለቀለበት ሬዞኔተር ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊብስ ይችላል። በቀለበቱ ውስጥ ብርሃን ይከማቻል፤ ሲሊከን በ1550 ናኖሜትር ሁለት ፎቶኖችን በአንዴ መምጠጥ ስለሚችል ይሞቃል፤ ሬዞናንሱም ወደ አንድ ጎን የተጋደመ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። መፍትሔው ግራፉ ቅርጹን መለወጥ እስኪያቆም ድረስ ኃይሉን መቀነስ ነው። ከፍተኛ ኃይል የሚያስፈልገው ብክነቱ ለበዛበት ቺፕ ነው።

ከኃይሉ ይልቅ ስለ ንጽሕናው ይጠይቁ። ማንኛውም ተስተካካይ ሌዘር ከዋናው መስመር ጎን ደካማ ሰፊ ብርሃን ይለቃል። ጥልቅ ማጣሪያ ሲለካ ዋናው መስመር ቢታገድም ይህ ሰፊ ብርሃን ሾልኮ ያልፋል፤ 60 ዴሲቤል የሚያግደው ማጣሪያ 40 ብቻ የሚያግድ ይመስላል። አንዳንድ ሞዴሎች ይህ ብርሃን የተጣራበት፣ ኃይሉ ግን ያነሰ መውጫ አላቸው። ማጣሪያ ለሚሠራ ሰው ተጨማሪ ክፍያው የሚያስቆጭ አይደለም።

የሞገድ ርዝመቱን ትክክለኛነት ደግሞ በሻጩ ቃል ብቻ መቀበል አያስፈልግም። የሃይድሮጅን ሳያናይድ ጋዝ የያዘች ትንሽ የመስታወት ሕዋስ ከ1528 እስከ 1563 ናኖሜትር ባለው ክልል ቦታቸው በትክክል የሚታወቅ የመምጠጫ መስመሮች አሏት። በየጥርጊያው ከብርሃኑ ጥቂቱን በእሷ ማሳለፍ ሌዘሩ ሲዋሽ ወዲያው ያጋልጠዋል።

ቬክተር አናላይዘር

ሦስተኛው ቤተሰብ ተስተካካይ ሌዘርን ከኢንተርፌሮሜትር (ሁለት ብርሃኖችን ደርቦ ከሚያነጻጽር መሣሪያ) ጋር ያጣምራል። በዚህ ዘርፍ ሉና የታወቀ ስም ነው። ከላይ ያሉት ሁለቱ ኃይልን ብቻ ሲለኩ ይህ ፌዝን (የብርሃኑ ሞገድ በዑደቱ ውስጥ ያለበትን ቦታ)፣ የብርሃኑን መዘግየትና የፖላራይዜሽን ባሕርዩን (ሞገዱ የሚርገበገብበትን አቅጣጫ) ጨምሮ በአንድ ጥርጊያ ያወጣል።

ለእኔ ትልቁ ዋጋው ሌላ ቦታ ነው፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመለስ በቦታ ለይቶ ያሳያል። ለረጅም የፋይበር መስመር የሚያገለግለው ኦቲዲአር (የብርሃን ምት ልኮ ከሚመለሰው ጉድለትን የሚፈልግ መሣሪያ) 10 ናኖሰከንድ ምት ሲልክ የመለየት አቅሙ አንድ ሜትር ያህል ነው፤ ቺፑ ደግሞ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። 80 ናኖሜትር የሚጠርግ ቬክተር አናላይዘር ግን በፋይበር ውስጥ 10 ማይክሮሜትር ያህል፣ ብርሃን ቀስ ብሎ በሚጓዝበት የሲሊከን ዌቭጋይድ (ብርሃኑን በሚመራው ቦይ) ውስጥ ደግሞ ወደ 4 ማይክሮሜትር የሚጠጋ ርቀት ይለያል። ብርሃን የማይወጣበት ቺፕ እጅ ላይ ሲቀር ችግሩ መግቢያው ላይ ይሁን መሐል ላይ የሚነግርዎ እሱ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ዋጋው ከሦስቱ ከፍ ያለ ነው፤ ለንዝረትም ስስ ነው። ኃይልን ብቻ ለሚፈልግ ሰው አላስፈላጊ ነው። ገና ንድፉን በማረም ላይ ላለ ቡድን፣ ወይም ፌዙ ራሱ ምርቱ ለሆነበት፣ ለምሳሌ የብርሃን ማዘግያ መስመር ለሚሠራ፣ ተገቢ ግዢ ነው።

| | ስፔክትረም አናላይዘር | ተስተካካይ ሌዘር | ቬክተር አናላይዘር |
|---|---|---|---|
| የመለየት አቅም | እስከ 20 ፒኮሜትር | 1 ፒኮሜትርና በታች | በሌዘሩ ይወሰናል |
| ሽፋን | በጣም ሰፊ | አንድ መስኮት | አንድ መስኮት |
| ፌዝ | አይለካም | አይለካም | ይለካል |
| የጉድለት ቦታ | አያሳይም | አያሳይም | ያሳያል |

ከፋይበር ወደ ቺፕ

በእኔ እምነት አብዛኛው ላቦራቶሪ በሌዘር ላይ አብዝቶ፣ በዚህኛው ክፍል ላይ አሳንሶ ያወጣል። ነጠላ ሞድ ፋይበር ውስጥ ያለው የብርሃን ነጥብ በ1550 ናኖሜትር 10 ማይክሮሜትር ያህል ስፋት አለው። ዌቭጋይዱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 220 ናኖሜትር ውፍረትና ከ450 እስከ 500 ናኖሜትር ስፋት ያለው የሲሊከን ቦይ ነው። ሁለቱን ማገናኘት ነው ጣጣው።

ግሬቲንግ ብርሃኑን ከላይ ያስገባል። ፋይበሩ ወደ 8 ወይም 10 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይቆማል፤ በአንድ ወይም በሁለት ማይክሮሜትር ቢዛነፍ ብዙ አይጎዳም፤ ዌፈሩም (ብዙ ቺፖች አንድ ላይ የሚሠሩበት የሲሊከን ሳህን) ሳይቆረጥ መለካት ይቻላል። በእጅ የሚዞር ጥሩ ማይክሮሜትር ያለው ማንቀሳቀሻ ይበቃዋል። ብክነቱ ግን በአንድ መገናኛ 3 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው፤ ስፔክትረሙም ቀጥሎ ከምናየው የጠርዝ ዘዴ አንጻር ጠባብ ነው፤ የሚቀበለውም አንድ ፖላራይዜሽን ብቻ ነው። ፖላራይዜሽኑ በ30 ዲግሪ ቢዞር 1.25 ዴሲቤል ይጠፋል፤ ያ የጠፋው ደግሞ የቺፑ ብክነት መስሎ ይመዘገባል። ፖላራይዜሽን የሚጠብቅ ፋይበር ወይም መቆጣጠሪያ በግዢ ዝርዝሩ ላይ ይኑር።

በጠርዝ በኩል ማስገባት ሰፊ ስፔክትረም ይሰጣል፤ በደንብ ከተሠራም ብክነቱ ያነሰ ነው። ግን ቺፑ መቆረጥና ጠርዙ መስተካከል አለበት፤ ሌንስ ያለው ፋይበር ደግሞ ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ መዛነፍ እንኳ ስለሚሰማው በፒዬዞ የሚንቀሳቀስ መድረክ ይፈልጋል። ከሁለቱ ጠርዞች የሚመለሰው ብርሃን ካልተቀነሰ በ5 ሚሊሜትር ቺፕ ላይ በየ57 ፒኮሜትሩ የሚደጋገም ሞገድ ይፈጥራል፤ ጀማሪ ሬዞናንስ ነው ብሎ ሊቆጥረው ይችላል።

የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው የቺፕ ማስቀመጫ ከሌዘሩ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው። የሲሊከን ቀለበት ሬዞናንስ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት 75 ፒኮሜትር ያህል ይሸሻል። ክፍሉ በ0.1 ዲግሪ ብቻ ቢሞቅ ከ7 ፒኮሜትር በላይ ነው። ማስቀመጫው ሙቀቱን ካልያዘ የ1 ፒኮሜትር ሌዘር የሚለካው የክፍሉን አየር ነው። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ዘንድሮ መግዛት የሚችል ሰው ማስቀመጫውን ያስቀድም።

ገንዘብ የማይጠይቅ መሻሻልም አለ። የዌቭጋይድ ብክነት የሚለካው የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ቦዮች በማወዳደር ነው። ብክነቱ በሴንቲሜትር 2 ዴሲቤል፣ የመገናኛው አለመደጋገም ደግሞ 0.3 ዴሲቤል ቢሆን፣ የርዝመት ልዩነቱ 1 ሴንቲሜትር ከሆነ ስህተቱ 15 በመቶ ይሆናል። ቦዩን ጠምዝዞ ልዩነቱን 5 ሴንቲሜትር ቢያደርጉት 3 በመቶ ይቀራል። ይህን የትኛውም ውድ ዲቴክተር አይሰጥም።

ሞዱሌተር (መረጃን በብርሃን ላይ የሚጭን አካል) እና ፈጣን ዲቴክተር የሚለካ ቡድን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው፤ በአሥር ጊጋኸርዞች በሚቆጠር ፍጥነት የሚሠራ የብርሃን አካል አናላይዘር፣ ኦሲሎስኮፕና የኤሌክትሪክ መርፌዎች ያስፈልጉታል። ከላይ ያሉት ለእሱ መነሻ ናቸው እንጂ ምትክ አይደሉም። በሺህ የሚቆጠሩ መዋቅሮችን በዌፈር ላይ የሚለካ ፋብሪካ በራሱ የሚንቀሳቀስ የመለኪያ ጣቢያ ይግዛ፤ በወር ጥቂት ቺፕ ለሚያይ ላቦራቶሪ ያ ትርፍ ነው።

ውል ከመፈረም በፊት

ያገለገለ ሌዘር ርካሽ ሆኖ ሲቀርብ በሙሉ ክልሉ ላይ ሲጠርግ የተቀዳ ግራፍ ይጠይቁ፤ ያረጀ የማስተካከያ ሞተር በመካከል ላይ ዝላይ ያሳያል። የፋይበር መግቢያው ፊት በማጉያ ይታይ፤ ፊቱ ዘንበል ተደርጎ የተወለወለ አረንጓዴ ማያያዣ ከቀጥተኛው ሰማያዊ ጋር ተገጣጥሞ ከነበረ መቧጨሩ አይቀርም። የፋይበር ድርድር ሲያዙ በፋይበሮቹ መካከል ያለው ርቀት፣ 127 ወይም 250 ማይክሮሜትር፣ ከቺፑ ንድፍ ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ። ቺፑ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ይህ አይታረምም።

አዲስ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ባመጣው የማሳያ ናሙና አይርኩ። ከራስዎ ቺፖች ውስጥ ጠባቡን ሬዞናንስ የያዘውን ይስጡት፤ በአንድ ኃይልና በተለያየ ኃይል፣ ደጋግሞ፣ ፋይበሩን አንስቶ መልሶ ይለካ። ሲመልስም የተሳለውን ግራፍ ሳይሆን ያልተለሰለሰውን የቁጥር ፋይል ይጠይቁ።