ወደ አገር ቤት ለሚላክ ላፕቶፕ የሱቅ ዋስትና አትግዙ

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ወንድም ወይም ሥራ ለጀመረች እህት ላፕቶፕ ገዝታችሁ በሰው እጅ ወደ አዲስ አበባ የምትልኩ ከሆነ ይህን ሳታነቡ ሂሳብ አትክፈሉ። ካሸሩ ዕቃውን ስካን አድርጎ እንደጨረሰ «የሦስት ዓመት ፕሮቴክሽን ፕላን ልጨምርበት?» ይላችኋል፤ ይህ ሱቁ በክፍያ የሚሸጠው ተጨማሪ ዋስትና ነው። ኦንላይን ስትገዙም ያው ጥያቄ ከመክፈያው በፊት ብቅ ይላል። ላፕቶፑ እዚህ የማይቆይ ከሆነ መልሳችሁ «አልፈልግም» ይሁን። ዕቃው የሚበላሸው አገር ቤት ነው፤ ጥገናው ግን የሚሰጠው አሜሪካ ውስጥ ብቻ ነው።

ሂሳቡን እንየው። 700 ዶላር ለሚሸጥ ላፕቶፕ የሦስት ዓመቱ ፕላን 140 ዶላር ነው ተባላችሁ እንበል። አምራቹ ራሱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ብዙውን ጊዜ የአንድ ዓመት ዋስትና ይሰጣል። በዚያ ዓመት ውስጥ ዕቃው በራሱ ቢበላሽ አብዛኞቹ የሱቅ ፕላኖች ወደ አምራቹ ይመሯችኋል፤ የእነሱ ሽፋን ለዚህ ዓይነቱ ብልሽት የሚጀምረው የአምራቹ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ የሦስት ዓመት ብላችሁ የገዛችሁት የሁለት ዓመት ሆነ፣ በዓመት 70 ዶላር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚጠቅም ነገር የሚኖረው ፕላኑ መውደቅንና ፈሳሽ መደፋትን ካካተተ ነው። ይህንንም በስሙ አትመኑት፤ ጥበቃ ተብለው በመደበኛ አጠቃቀም የሚመጣን ብልሽት ብቻ የሚሸፍኑ ፕላኖች አሉ። በእነዚህ ውሎች ኪቦርዱ ላይ ማኪያቶ ቢደፋ አንድ ሳንቲም አይከፈልም። ስርቆትና መጥፋት በአብዛኞቹ ውስጥ የለም። ባትሪ በአገልግሎት የሚያልቅ ዕቃ ነው ተብሎ ወይ ከነጭራሹ ይወጣል፣ ወይ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀየራል። የጠፋ ፋይል ደግሞ አብዛኞቹ ዋስትናዎች አይመልሱም።

ላፕቶፑ ሲበላሽ የሚሆነው እንዲህ ነው። በስልክ ወይም ኦንላይን ታስመዘግባላችሁ፣ የተከፈለበት የፖስታ ሌብል በኢሜይል ይመጣላችኋል፣ ዕቃውን አሽጋችሁ ትልካላችሁ፣ ተጠግኖ ወደዚያው አድራሻ ይመለሳል። ሌብሉ የሚሠራው ከአሜሪካ አድራሻ ወደ አሜሪካ አድራሻ ነው። ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ያለ ተማሪ በዚያ ሌብል ምንም ሊያደርግ አይችልም። መጀመሪያ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ይፈለጋል፣ ከዚያ ጥገናው ይጠበቃል፣ ከዚያ ደግሞ ወደዚያ የሚሄድ ሌላ ሰው። ሴሚስተሩ እስከዚያ ያልቃል። እንዲህ ደክማችሁ ዕቃው አይጠገንም ቢባል የሚሰጣችሁ ብዙውን ጊዜ ምትክ ዕቃ ወይም የዚያው ሱቅ ጊፍት ካርድ ነው። በብዙ ውሎች ዕቃው ከተተካ ወይም ገንዘቡ ከተከፈለ ፕላኑ ያኔውኑ ያበቃል፤ ሁለት ዓመት ቀርቶት ቢሆን እንኳ የቀረው ዘመን ወደ አዲሱ ላፕቶፕ አይዛወርም።

ባትሪው ካበጠ ያ መንገድም ይዘጋል። ያበጠ ወይም የተጎዳ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣም በካርጎም በአውሮፕላን መሄድ ክልክል ነው። ታችፓዱ ከቦታው ከፍ ካለ ወይም አልጫን ካለ፣ ክዳኑ እኩል ካልገጠመ፣ የሥሩ ሽፋን ከተወጠረ ቻርጅ ማድረግ አቁሙ፤ ሳትጫኑት ወደ ጥገና ቤት ውሰዱት። ባለሙያ ያልሆነ ሰው በቢላ ወይም በካቻቢቴ ፈልቅቆ ሊያወጣው አይሞክር፤ ከተበሳ በእሳት ይያያዛል።

የአምራቹ ዋስትና ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አጥኑት። ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ሴሪያል ቁጥር ሲገባ የዋስትናውን ሁኔታ የሚያሳይ ገጽ አላቸው። ዴል ላይ ቁጥሩ ሰርቪስ ታግ ይባላል፤ ከሥሩ የተለጠፈ፣ ፊደልና አኀዝ የተቀላቀለበት ሰባት ምልክት ነው። ኤችፒ ላይ ኤፍኤን እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ይወጣል። ገጹ ላይ መጀመሪያ የምታዩት የጀመረበትን ቀን ነው። ዋስትናው ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው ዕቃው ከአምራቹ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ መደርደሪያ ላይ ወራት የቆየ ላፕቶፕ እናንተ ጋ ሳይደርስ ዋስትናው እየተቆረጠ ሊሆን ይችላል። ኤችፒና ሌኖቮ የግዢ ደረሰኝ ስትልኩላቸው ቀኑን ያስተካክላሉ፤ ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ጨርሱት። ቀጥሎ የተመዘገበበትን አገር እዩ። ዴል ላይ ዕቃው ወደ ሌላ አገር ሲሄድ የባለቤትነትና የአገር ዝውውር የሚሞላበት ቅጽ አለ፤ ሳይሞላ ከቀረ ስልክ ስትደውሉ መልሰው ወደ ተገዛበት አገር ይመሯችኋል። የአገልግሎቱ ዓይነትም ተጽፏል። ኦንሳይት ማለት ቴክኒሽያን ቤት ድረስ ይመጣል ማለት ነው፣ ካሪ ኢን ከሆነ እናንተ ትወስዳላችሁ፣ ዲፖ ከሆነ በፖስታ ነው። ቲንክፓድ፣ ላቲቲዩድና ኤሊትቡክን የመሳሰሉ የቢሮ ላፕቶፖች አንዳንዶቹ ከሦስት ዓመት ጋር ይመጣሉ፤ ግን ኦንሳይት ቢልም ቴክኒሽያኑ የሚመጣው ኩባንያው አገልግሎት በሚሰጥበት ቦታ ብቻ ነው።

«ኢንተርናሽናል ዋራንቲ ነው» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም። ከመግዛታችሁ በፊት ከአምራቹ ጋር በቻት ግቡና ይህን ጠይቁ፦ «የዚህ ሞዴል ማዘርቦርድ አዲስ አበባ ውስጥ ቢበላሽ የትኛው ድርጅት፣ በየትኛው አድራሻ፣ ያለ ክፍያ ይቀይረዋል?» የድርጅት ስምና አድራሻ ከሰጧችሁ ቻቱን በስክሪንሾት አስቀምጡ፤ አገር ቤት ያለ ሰውም ሄዶ ያረጋግጥ። ያን ጊዜ የአምራቹን ዋስትና በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ማራዘም ገንዘቡ ይገባዋል። ስምና አድራሻ መስጠት ካልቻሉ አንድም ቀን አትጨምሩ።

ማክቡክ ላይ ሂሳቡ ይለያል። በአዲሶቹ ማክቡኮች ራሙ ከቺፑ ጋር አንድ ላይ ነው፣ የማክቡክ ኤር ማከማቻም ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፤ አንዱ ሲሄድ ቦርዱ አብሮ ይቀየራል። የአፕል የራሱ የጥበቃ ፕላን የሆነውን አፕልኬር ፕላስ በአሜሪካ ከገዛችሁ በ60 ቀን ውስጥ መጨመር ይቻላል። ፕላኑ ከተገዛ በኋላ ስክሪን ቢሰበር 99 ዶላር፣ ለሌላ አደጋ ጉዳት 299 ዶላር ይከፈላል። አፕል ኢትዮጵያ ውስጥ የራሱ ሱቅ የለውም፤ ዱባይ ግን አለው። ከቤተሰቡ ወደ ዱባይ የሚመላለስ ሰው ካለ ሊያስኬድ ይችላል፤ ከሌለ ግን እንደ ሱቁ ፕላን ያለ ወጪ ነው።

እና ያ 140 ዶላር ምን ይሁን? መጀመሪያ ከምንም በላይ የሚያዋጣው ነገር ነጻ ነው፦ ላፕቶፑን ቶሎ ገዝታችሁ እዚሁ አሠሩት። ከፋብሪካ ጉድለት ጋር የመጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያሳየው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። አብዛኞቹ ሱቆች ከ14 እስከ 30 ቀን መመለሻ ይሰጣሉ፤ መንገደኛው ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ከገዛችሁ ግን ይህን መብት ጣላችሁት። በእነዚህ ቀናት ባትሪውን ደጋግማችሁ ከሙሉ እስከ 10 ከመቶ አውርዱ፣ በሁሉም የቻርጅ ቀዳዳዎች ሞክሩ፣ ስክሪኑን ሙሉ ነጭና ሙሉ ጥቁር አድርጋችሁ የሞተ ነጥብ ፈልጉ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ጻፉባቸው፣ ረጅም ቪዲዮ ከፍታችሁ የፋኑን ድምፅ አዳምጡ። ኤችፒ ሲነሳ ኤፍ 2፣ ዴል ደግሞ ኤፍ 12 ተጭናችሁ የሃርድዌር ምርመራውን አስኪዱ፤ ረጅሙን ምርመራ ምረጡ፣ ራሙንና ኤስኤስዲውን (ፋይል የሚቀመጥበትን ማከማቻ) የሚፈትሸው እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡን ሞዴል ምርጫው ላይ አውሉት። ራሙና ኤስኤስዲው የሚነቀል፣ ሥሩ በተራ ብሎን የሚከፈት ላፕቶፕ አዲስ አበባ ውስጥ በቀላሉ ሊጠገን ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት አገር ቤት ያለ ጥገና ቤት የዚያን ሞዴል ስክሪን፣ ኪቦርድና ባትሪ በስንት እንደሚቀይር አስጠይቁ። ሞዴሉን አናውቀውም፣ ዕቃው አይገኝም ካሏችሁ ሌላ ሞዴል ፈልጉ። ኋላ ስክሪን ከዚህ መላክ ቢያስፈልግ የላፕቶፑን ስም ይዛችሁ አትዘዙ፤ ቴክኒሽያኑ ይፍታውና ከፓነሉ ጀርባ ያለውን ቁጥር ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። መሰኪያው 30 ፒን ወይም 40 ፒን ሊሆን ይችላል፣ ከተሳሳተ አይገጥምም። ባትሪም እንዲሁ በራሱ ላይ በተጻፈው የፓርት ቁጥር ነው የሚታዘዘው፤ ከላፕቶፑ ተለይቶ የሚሄድ ባትሪ ደግሞ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሄድም።

ሦስተኛው መብራት ነው። የላፕቶፕ ቻርጀር ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ የኢትዮጵያን 220 ቮልት ይችላል፤ ኮንቨርተር አያስፈልገውም። ቻርጀሩ ከግድግዳው የሚገናኝበት ገመድ የሚነቀል ከሆነ አዳፕተር ከመደራረብ ባለ ሁለት ክብ እግር ገመድ መቀየር ይሻላል፤ ልቅ አዳፕተር ይሞቃል፣ ይቆራረጣል። ከአሜሪካ ዲቫይደር ወይም ሰርጅ ፕሮቴክተር ግን በፍጹም አትላኩ። 125 ቮልት የተጻፈበት ሰርጅ ፕሮቴክተር 220 ላይ ሲሰካ ውስጡ ያለው መከላከያ ይቃጠላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። እዚያው ለ220 የተሠራ ይገዛ። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ብዙ ቻርጀርና ብዙ ማዘርቦርድ ያድናል። የቀረው ገንዘብ ኦሪጅናል መለዋወጫ ቻርጀር ይግዛ።

አዲስ አበባ ለምትገዙም አንድ ነገር እንበል። «የአንድ ዓመት ዋስትና አለው» የሚል ቃል ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም። ደረሰኙ ላይ ሴሪያል ቁጥሩ፣ የሚሸፈነው ክፍል፣ ይቀየራል ወይስ ይጠገናል የሚለው፣ ማኅተሙም ይኑርበት። ብራንድ ኒው ተብሎ የሚሸጠውን በአምራቹ ገጽ ላይ ቁጥሩን አስገቡት፤ ዋስትናው ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ከሆነ የያዛችሁት ስላይትሊ ዩዝድ ሊሆን ይችላል። የ2006ቱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ለተገኘበት ዕቃ የቅያሪ ወይም የገንዘብ ተመላሽ ጥያቄ የሚቀርብበትን ጊዜ በ15 ቀን ገድቦታል፤ ስለዚህ ምርመራው ነገ ዛሬ አይባልም።

ላፕቶፑ እዚሁ አሜሪካ የሚቀር፣ በየቀኑ በቦርሳ የሚዞር ከሆነ አደጋን የሚሸፍን የሁለት ዓመት ፕላን ሊያዋጣ ይችላል። ያኔም መጀመሪያ የክሬዲት ካርዳችሁን የጥቅማ ጥቅም ዝርዝር እዩ፤ አንዳንድ ካርዶች የአምራቹን ዋስትና ያለ ክፍያ በአንድ ዓመት ያራዝማሉ። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የምትገዙ ደግሞ ሻጩ በሕግ የሁለት ዓመት ኃላፊነት አለበት፤ ለዚያው ለሁለት ዓመት ድጋሚ አትክፈሉ።

የሱቁን ፕላን ገዝታችሁ ላፕቶፑ ሄዶ ከሆነ አሁንም አልመሸም። አብዛኞቹ ውሎች በ30 ቀን ውስጥ ሙሉውን፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የቀረውን ዘመን አስልተው ይመልሳሉ። ውሉ ውስጥ ስረዛ የሚለውን ክፍል ፈልጉ፣ የሚደወለው ለሱቁ ነው ወይስ ፕላኑን ለሚያስተዳድረው ድርጅት የሚለው እዚያ ተጽፏል። የፕላኑን ቁጥር፣ ደረሰኙንና ሴሪያል ቁጥሩን ይዛችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ገንዘቡ የከፈላችሁበት ካርድ ላይ እስኪታይ ድረስ የስረዛውን ማረጋገጫ አታጥፉ።